ሰንጋ ሸጬ የገዛሁት ቴሌቪዥን

ለሚስቱ ለቅሶ የተቀለበውን ሰንጋ ሸጦ ቴሌቪዥን የገዛ ሽማግሌ ሸኮ ውስጥ አለ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቴፒ ደርሷል። ሚዛንም አማንም ተወርቷል። ሲወራ ግን ግማሹ ቀርቷል፣ ግማሹም ተጨምሯል። አንዳንዱ አብዶ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ኳስ ለማየት ነው ይላል። ኳስ አልወድም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልናገር፤ የማያምን አይመን።

ላሬቦ እባላለሁ። ለቡና ለቀማ ብዬ ከከምባታ ስወጣ ጢሜ እንኳን አልወጣም ነበር። እዚህ ቀረሁ፣ እዚህ አገባሁ፣ እዚህ ወለድኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አማርኛ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፤ የፈረንጅ ፊደል ግን ለእኔ የዶሮ ጭረት ነው። የማውቀው ሥራ አንድ ነው፣ ቡና ማድረቅ። ቡና የሚሰጣው ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ከፍ ያለ ማስጫ ላይ ነው፤ እኛ አልጋ እንለዋለን። ከዚያ አልጋ አጠገብ ሃያ ሰባት ዓመት ቆሜያለሁ። ቡናው ደረቀ አልደረቀ የሚለው ከላይ ታይቶ አይታወቅም። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ደርቆ ነው የሚታየው። ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከአልጋው ጋር አስተካክለህ በአግድም ስታየው ነው ያልደረቀው ጠቁሮ የሚለይልህ። ጎንበስ ማለት የሰነፈ ሠራተኛ ጆንያ ውስጥ ሻጋታ ይከታል።

ባለቤቴ ዘነበች ትባላለች። ጎደሬና ኮረሪማ ትነግድ ነበር። ሸኮ ገበያ ላይ የማታውቀው ሰው አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ገበያ መሄድ ለእኔ ፈተና ነበር፣ ሰላምታው አያልቅማ። አንድ ክረምት ጎደሬ ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ ጭቃ አንሸራቶ ጣላት፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ወጌሻም አሻት። አልቆመችም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት በጀርባዋ ተኛች።

መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ቤቱን ሞላው። ኋላ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ የሚመጣውም ከበሩ ገባ ብሎ «እግዜር ይማርሽ» ይልና ወደ እኔ ዞሮ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። አልፈርድበትም። እኔም ያው ነበርኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ሰንጋውን የገዛሁት እኔው ነኝ። ዘነበች ከሆስፒታል በቃሬዛ በተመለሰች ሰሞን ሽማግሎች መጥተው፣ ቀን አይታወቅምና አንድ ወይፈን ይዘህ ቀልብ አሉኝ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ሥጋ ሳይቀምስ አይሄድም። ያላረደ ሰው ስድቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እሺ ብዬ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለሰንጋው ሣር አጭጄ እሰጣለሁ፣ ቀጥዬ ለእሷ ቁርሷን አቀርባለሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

አንድ እሁድ ወንድሟ ሄራሞ ከቴፒ ሊጠይቃት መጣ። ልጄ ታደለም ከአማን መጥቶ ነበር፤ እዚያ አስተማሪ ነው። ሄራሞ አልጋዋ ራስጌ ቆሞ «እንዴት ነሽ?» አላት። ደህና ነኝ ብላ ሳትጨርስ ወጣ። እኔ ከጓዳ ሆኜ አየዋለሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ሰንጋው ሄደ፤ ሻኛውን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ግድግዳው ድምፅ አይከለክልም።

«ሰንጋው ደርሷል» አለው ለታደለ። «ለቀኑ ይበቃል። ሌላ መግዛት አያስፈልግም።»

ታደለም «አዎ አጎቴ» አለ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የናቁት ግን እኔን ብቻ አልነበረም። ከጓዳ ስወጣ ዘነበች ጣራውን እያየች ነበር።

«የታደለ አባት፣ ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ሳልሞት ተበላሁ እኮ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ እንግዶቹን ሸኘሁ። ከሄዱ በኋላ ተመልሼ ምን ላድርግልሽ አልኳት። በሁለት ክረምት ውስጥ ይህን ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተገላበጪ እላለሁ እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ ብያት አላውቅም። ሰው ማየት ያምረኛል አለችኝ። ጣራ ሰልችቷታል። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ምስማር ስንት እንደሆነ ነገረችኝ፤ የዛገውን ለይታ፣ ያልዛገውን ለይታ።

ያን ጊዜ ሚዛን ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁት ቴሌቪዥን ትዝ አለኝ። የሚዛን መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ የመጣ ነው፣ ጀርባው ያላበጠ፣ እንደ ስዕል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ትልቅ ነበር። ውስጡ ያለው ሰው ፊት የእውነት ሰው ፊት ያክላል። ሰው ካማራት ሰው የሚያህል ሰው ላምጣላት አልኩ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ሰንጋውን በገበያው ቀን ነድቼ ወጣሁ። ደላላው ያውቀኛል፤ ይሄ እኮ የዘነበች ነው፣ ሞተች እንዴ አለኝ። የዘነበች ስለሆነ ነው የምሸጠው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ ሌላ አልጠየቀም። ወደ ሚዛን ከመሄዴ በፊት የቃጫ ገመድ ወስጄ ከትራሷ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ለካሁና ቋጠርኩ። ከትራሷ ከፍታ እስከሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አበጀሁ። በነጋታው ገመዴን ኪሴ ከትቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ ሚዛን ወረድኩ።

ባለሱቁ ከማል የሚባል የስልጤ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጨዋ ነው፣ አፉም ፈጣን ነው። ግድግዳው ሙሉ ቴሌቪዥን ተደርድሯል። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ዓሣ ይዋኛል፤ ዓሣው ሲያልፍ አበባ ይፈካል፣ አበባው ሲያልፍ ዓሣው ይመለሳል።

ሰው የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከማል ሳቀ፤ ይሄ ጥራቱን የሚያሳይ ነው አባባ አለኝ። ለዓሣ ብዬ አይደለም የምገዛው፣ ሰው አሳየኝ አልኩት። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ከማል ግን ዓሣውን አጥፍቶ ዜና የሚያነብ ሰውዬ አመጣልኝ።

ከትልልቆቹ ሁለት ለየልኝ። መጠናቸው እኩል ነው። አንደኛው በሰንጋው ዋጋ የማይነካ ሆነ። ሁለተኛው ግን ገንዘቤ ይደርስበታል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ያኛው ስም አለው አባባ» አለኝ።

«ስሙ በፈረንጅ አይደል የተጻፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለእኔ ሁለቱም ስም የላቸውም።»

ከሁለቱ ዝቅ ያለ ትንሽ ግን ስመ ጥር ቴሌቪዥንም አሳየኝ። በዚሁ ዋጋ ይሄን ቢወስዱ ይሻልዎታል፣ ዕድሜ አለው አለኝ። ልጁ ሊያታልለኝ አልነበረም፤ ለእኔ ያለውን ነው የነገረኝ። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሰውዬ ፊቱ የሕፃን እጅ ያክላል። ለዘነበች ከአልጋዋ ሆና ምኑ ይታያታል?

እንግዲህ እኔ ልማዴን አደረግኩ። ርካሹን ትልቁን ከፊቱ ቆሜ አየሁት፤ ቆንጆ ነው፣ ሰውዬው ቀይ ዳማ፣ ከረባቱ ሰማያዊ። ጎንበስ አልኩ። ሰውዬው ጠየም አለ። ተንበረከክኩ። ጨለመ። ጉልበቴን ይዤ እስከ ወለሉ ዝቅ ስል ሰውዬው ከሰል ሆነ፤ ጥርሱ ጠቁሮ ጸጉሩ ነጣ። ቀና ስል ይቀላል፣ ዝቅ ስል ይጠቁራል። ልክ እንዳልደረቀ ቡና።

ከማልን ይሄ ምንድን ነው አልኩት። አይ እሱ እንኳን ከታች አይታይም አለኝ፤ ቴሌቪዥን ከፊት ለፊት ነው የሚታየው፣ ማን ወለል ላይ ሆኖ ያያል ብሎ ነገሩን ቀላል አደረገው።

ማን እንደሚያይ አልነገርኩትም። ገመዴን አወጣሁና ከቴሌቪዥኑ ስር ጀምሬ በቋጠሮው ለካሁ። ቋጠሮው የደረሰበት ላይ ጋቢዬን አነጠፍኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ በጀርባዬ ተኛሁ።

ከማል ሮጦ መጣ፤ አባባ አመመዎት እንዴ ይላል። አንዷ ሴትዮ ውሃ አምጡለት ትላለች። ደህና ነኝ፣ ቴሌቪዥን እየመረጥኩ ነው አልኳቸው። ይህን ስል ሳቁ ከውጭ ድረስ ተሰማ። መንገደኛው በር ላይ ተከመረ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ትራስም ጨምርለት ከማል፣ ሽማግሌው አልጋ መስሎት ነው የገባው አለ። ሌላው ከነፍራሹ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ እንደተኛሁ ነኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሳቅ አይነሳም።

ተኝቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ርካሹ ጥቁር ነው። ውዱም ትንሽ ፈዘዝ ይላል ግን ሰው መሆኑ ይለያል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቴሌቪዥኑ አልነበረም። ከበላዬ ቆመው የሚስቁት ሰዎች ናቸው። ብርሃኑ ከኋላቸው ነው፤ ፊታቸው አይታይም። የሚታየኝ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ሁሉም ያው ሰው ናቸው። የሳቀው ማን እንደሆነ፣ ውሃ ያለችው የትኛዋ እንደሆነች አልለይም። ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲህ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

ለካ አንድ የሚያውቀኝ ሰው አባትህ ሱቅ ውስጥ ወድቋል ብሎ ለታደለ ደውሎለታል። ከአማን እስከዚያ ብዙ አይርቅም። እያለከለከ ሰውን እየገፋ ገባ። ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፣ ከክፍል ነው የወጣው። ደህና መሆኔን ሲያይ ድንጋጤው ወደ ንዴት ተለወጠ። ጆሮዬ ስር አጎንብሶ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ሰው እንዳይሰማበት።

«አባዬ ተነስ። ተማሪዎቼ በር ላይ ሆነው እያዩ ነው።»

«ይዩ። ትምህርት ነው።»

ምን ልገዛ እንደመጣሁ ከማል ነገረው። በምን ገንዘብ እንደምገዛ እኔ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ቴሌቪዥን ካስፈለገ የራሴን አሮጌውን ልስጣችሁ አለ። ሰንጋው ተሸጦ ለአጎቴ ምን እንላለን አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ቀኑ ሲደርስ ምን ልናደርግ ነው?» አለኝ።

«የማን ቀን?»

«አባዬ…»

«ስሟን ጥራና የማን ቀን እንደሆነ ንገረኝ።»

የሚስቁት እንኳን ነገሩ የቴሌቪዥን ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው መሰለኝ። ታደለ ክፉ ልጅ አይደለም። ለእናቱ መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው። ስሟን ግን በዚያ ቃል ላይ ጨምሮ መጥራት አልቻለም።

«ና ተኛ» አልኩት።

«እዚህ?»

«እዚህ። ጋቢው ለሁለት ይበቃል።»

መጀመሪያ በሩን አየ፣ ተማሪዎቹን አየ። ካልተኛ እንደማልነሳ ያውቃል፤ አባቱን ያውቃል። ኮቱን ሳያወልቅ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፣ ከዚያ አጠገቤ በጀርባው ተዘረጋ። በር ላይ ያለው ሰው እንደገና ሳቀ። ከማል ተቆጣቸው።

ታደለ ወደ ላይ አየ። ቴሌቪዥኑን አየ። ከዚያ የቆሙትን ሰዎች አየ። «ሰውየው ጠቆረ» አለ።

ከቆሙትስ ማንን ለየህ አልኩት። አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ማንንም አልለይም አለ።

«እናትህ አንተንም እንዲህ ነው የምታይህ» አልኩት። «እኔንም እንዲሁ።»

አልተነሳም። እኔ ተነስ ብዬው እንኳን እንደተኛ ቆየ።

ቀጥሎ ያለውን ማንም አላስተማረኝም። ከማልን ይሄን ርካሹን አንገቱን ድፋልኝ አልኩት። አልገባውም። ከላይ ያለውን ጫፉን ወደ ፊት አውጣው፣ ከታች እንዳለ ይሁን፣ ወደ እኔ ያጎንብስ አልኩት። ከማል እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ቴሌቪዥን ቀጥ ብሎ ነው የሚሰቀለው አለ፤ ካዘነበለ ይወድቃል፣ ከወደቀ ደግሞ እኔን አይጠይቁኝም አለ።

«የታመመ ሰው የሚጠይቅ ጎንበስ ይላል» አልኩት። «ይሄም የሚመጣው የታመመ ሊጠይቅ ነው። ጎንበስ ይበል።»

ከማል ትንሽ አየኝና ወጥቶ ሌላ ሰው ጠራ። ሁለቱ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አወረዱትና ከፍ አድርገው ያዙት። ከላይ በኩል ወደ እኛ ይገፉታል፣ እኔ ከወለሉ ሆኜ አዛለሁ። ትንሽ። አሁንም ትንሽ። ሰውዬው ከከሰልነት ወጣ፣ ጠይም ሆነ። ጥርሱ ነጣ። ትንሽ ጨምር። ቀይ ዳማው ተመለሰ፣ ከረባቱ ሰማያዊ ሆነ። ልክ እላዬ ላይ አጎንብሶ የሚያናግረኝ መሰለ። ቁም አልኩ። ታደለም ከእኔ ጋር አብሮ ቁም አለ።

ከማል ቴሌቪዥኑን ለአንዱ አስይዞ መጥቶ አጠገባችን ተኛ። ለሻጭ የሚያምር ነገር አልነበረም። ቀና ብሎ አየና ወላሂ አለ። ከዚያ ወዲያ ዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። እሱም ቀነሰ፣ እኔም ከፈልኩ።

የሚሰቀልበትን ብረት ታደለ ከኋላ ካለው ብየዳ ቤት አሠራው። የላይኛው ክንድ ረዘም፣ የታችኛው አጠር እንዲል ለበያጁ በወረቀት ሣለለት። በያጁ ግራ ገብቶት ተሳስተሃል መምህር ይለው ነበር። ገመዱን ስጠው አልኩት። ከግድግዳው ወደ ወለሉ አዝቅዝቆ ዘረጋለት፤ ያኔ ገባው።

ወደ ሸኮ የተመለስነው በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቅልለን በአራት ጉልበታችን መሃል ይዘነው። ታደለ አድርሶኝ ወደ አማን ተመለሰ። በነጋታው ግን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ፣ ከራሱ ቤት ጣራ ላይ ዲሹን ነቅሎ ይዞ መጣ። ልጆችህስ ምን ያያሉ አልኩት። ያጥኑ አለኝ።

የጭቃ ግድግዳ ቡሎን አይዝም። ጭቃውን ሰንጥቀን ውስጥ ያለውን ምሰሶ አገኘነው፤ ብረቱን ከእሱ ጋር አሰርነው። ዘነበች ምን እንደምንሠራ አልነገርናትም፤ የምታየው ጣራውን ስለሆነ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰማው። ቤቱን ልታፈርሱት ነው ወይ ትላለች። ትንሽ ነው የምናፈርሰው እላታለሁ።

ሲበራ ዜና የምታነብ ሴት ነበረች። ፊቷ የሰው ፊት አክሎ፣ ወደ አልጋው አጎንብሳ። ዘነበች አየቻት። ብዙ አየቻት። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ገበያ ሰላምታዋ፣ «እንደምን ዋልሽ» አለቻት።

ታደለ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ወደ እኛ ሳትዞር ቀጠለች፦

«ከወደቅኩ ወዲህ እንዲህ ፊቷን ሰጥታ ያየችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።»

ታደለ ወጣ። እኔ መውጫ አልነበረኝም፤ ባሏ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን ነገር፣ ጎንበስ ማለትን፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አላደረግኩትም። ሃያ ሰባት ዓመት ለቡና ሳጎነብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሚስቴ ለማጎንበስ ግን ቴሌቪዥን ነው ያስተማረኝ። በዚያ ቀን አጭር የእንጨት በርጩማ ሠርቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ፊቴ ከፊቷ ጋር እኩል የሚሆንበት። ከዚያ ወዲያ ቆሜ አናግሬያት አላውቅም። ያን ዕለት ስቀመጥላት መጀመሪያ ያለችኝ «ሸምግለሃል ለካ» ነው።

ቤቱ እንደገና ሰው ሞላበት። ቴሌቪዥን ፈልገው ነው የመጡት፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ወደ አልጋዋ ስለሚያጎነብስ፣ በደንብ ማየት የፈለገ ሁሉ ከእሷ አጠገብ ዝቅ ብሎ ወለል ላይ መቀመጥ ነበረበት። ዝቅ ካለ ደግሞ ፊቱ ይታያታል። ስሙን ትጠራዋለች፣ የልጆቹን ነገር ትጠይቀዋለች፣ በኮረሪማ ዋጋ ያታለላትንም ታስታውሰዋለች። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይለፈልፋል፣ እነሱ ያወራሉ።

ሄራሞ ሰምቶ መጣ። ሰላም እንኳን ሳይለኝ በረቱን አየ። ከዚያ ገብቶ ከራስጌዋ ቆሞ ሰንጋው የታል አለ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«እየበላሁት ነው ወንድሜ» አለችው። «ና ቁጭ በልና አንተም ብላ።»

አልተቀመጠም። ቤተ ዘመድ አዋርዳችኋል ብሎ ወጣ። ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሽማግሎቹም መጥተው ወለል ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን አይተው፣ ከዘነበች ጋር ተጫውተው ሄዱ። ለሄራሞ ምን እንዳሉት አላውቅም።

ዘነበች ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖረች። ስትሞት ሰንጋ አላረድኩም። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ያለውን አቀረብን፣ ለቀስተኛው በላ። ያልጠገበ ነበረ፤ በር ላይ ሆኖ ሲያማኝ ሰማሁት። አንድ ቀን ጠግቦ ከሚሄድ ሰው አራት ክረምት የተጠየቀች ሚስት ትበልጥብኛለች። ሄራሞ ቀብር ላይ መጣ፣ አፈር መለሰ፣ ሳንነጋገር ተለያየን። ዛሬም ሰላም አይለኝም። አይበል። ለታደለም ነግሬዋለሁ፣ ለእኔ ወይፈን እንዳትቀልብ ብዬ። ከቀለብክ ሸጠህ የሚያምረኝን ጠይቀኝ ብየዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቴሌቪዥን ግዙ አላልኳችሁም። የምትገዙ ከሆነ ግን ሻጩ በሚያቆማችሁ ቦታ ቆማችሁ አትምረጡ። ማን ነው የሚያየው? ከየት ሆኖ ነው የሚያየው? እዚያ ሄዳችሁ እዩት። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ሱቅ ወለል ላይ የተኛሁ ቀን ከኪሴ የጎደለ ነገር የለም።

አሁን እኔ የታመመ ስጠይቅ እተኛለሁ። ሸኮ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ላሬቦ መጣ ሲባል ሰሌን የሚያነጥፉልኝ አሉ፣ በሩን የሚዘጉብኝም አሉ። ባለፈው ጎረቤቴን አቶ አየለን ልጠይቅ ሄድኩ። ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ተይዟል፣ ግማሽ አካሉ አይታዘዝም፣ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ዓይኑ እንባ ይፈስሳል። ሚስቱ በሽታው ዓይኑን እየፈጀው ነው፣ ጠብታ አልረዳውም አለችኝ። ከአልጋው አጠገብ ሰሌን ላይ ተኛሁና በእሱ በኩል ወደ ላይ አየሁ። ቤቱ መስኮት የለውም፣ ቀንም ሌሊትም መብራት ያበራሉ። አምፖሉ ልክ ከዓይኑ በላይ ነው የተንጠለጠለው። ሚስቱ ደግ ናት፣ ልጆቹም አይለዩትም፤ ስድስት ወር ሙሉ ግን ያስተዋለ አልነበረም፣ ሁሉም ቆመው ነው የሚያዩት።

በርጩማ ላይ ወጥቼ ሽቦውን ወደ በሩ በኩል ጎትቼ አሰርኩት። አየለ ጭምቅ አድርጎ የያዘውን ዓይኑን ቀስ ብሎ ከፈተ። በደህነኛው እጁ እጄን ያዘኝ፣ እስኪመሽ ድረስም አልለቀቀኝም።